ሳይሰናበቱ መጥፋት



በግቢያችን «ዘጋኝ» የሚለውን ቃል የማያውቅ የለም። «ዘጋችኝ»፣ «ሲን አድርጎ ተወኝ»፣ «ብሎክ ተደርጌያለሁ»፣ «ኔትወርክ የለም ትለኛለች፣ ኦንላይን ግን አያታለሁ»። ፈረንጆቹ ጎስቲንግ ይሉታል፤ የሜሪየም ዌብስተር መዝገበ ቃላትም በ2017 እ.ኤ.አ ቃሉን በዚህ ትርጉሙ መዝግቦታል። እኛ ከድሮም የምናውቀው ኩርፊያን ነው፤ ይህ ግን ከኩርፊያ ይለያል። ያኮረፈ ሰው ማኩረፉን ያሳይሃል፤ ፊቱን ያጠቁራል፣ ሰላምታህን እየጎተተ ይመልሳል፣ ማዕድ ላይ ከአንተ ርቆ ይቀመጣል። አንድ ነገር እንዳለ ታውቃለህ፣ ሰው ልከህ ታስጠይቃለህ። የዘጋ ሰው ግን ትናንት ማታ እስከ ስድስት ሰዓት እየሳቀ አውርቶህ ዛሬ ጠዋት የለም። ለመታረቅ እንኳ ጸብ አላስቀረልህም።

ለጀመዓችን ተደጋግሞ የሚደርሰው ቅሬታ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የጓደኛ ነው፦ ዓመቱን በአንድ ዶርም የከረሙ፣ ረመዷንን አብረው ያሳለፉ ሁለት ልጆች፣ አንደኛው ያለ ምንም ቃል ሌላውን እንደማያውቅ ሆኖ ማለፍ ይጀምራል። ሁለተኛው «ለኒካሕ እንተዋወቅ» ተብሎ የተጀመረ ወሬ ነው፤ ሁለት ሦስት ወር ተወርቶ፣ ስለ ቤተሰብ ተጠይቆ፣ የወደፊቱ ሁሉ ታስቦ፣ ድንገት የአንዱ ወገን ድምፅ ይጠፋል።

ይህን የሚሰማ ሰው የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፦ «ድሮም ግልጽ ሰው አልነበረም»። እኛ እንደዚያ ቀላል አይመስለንም። ሰውን ዘግተው የሚጠፉት ብዙዎቹ ልባቸውን የቆለፉ ሰዎች አይደሉም። አንዳንዶቹ እንዲያውም ከሚገባው በላይ የከፈቱ ናቸው።

ከወሎ ወይም ከሐረር፣ ከጅማ ወይም ከስልጤ የመጣ አንድ ፍሬሽ ተማሪ እናስብ። ሐዋሳ መናኸሪያ ወርዶ ሻንጣውን ባጃጅ ላይ ጭኖ ግቢ ሲደርስ የሚያውቀው አንድም ሰው የለም። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሌሊት መብራት ከጠፋ በኋላ፣ ከላይኛው አልጋ ላይ ለተኛው ልጅ ሁሉንም ይነግረዋል፤ አባቱ ቤቱን ጥሎ መሄዱን፣ የቤተሰቡን ዕዳ፣ የእህቱን ሕመም፣ ሶላት አቋርጦ የከረመበትን ዓመት። ሲናገረው ይቀለዋል፤ እንቅልፍም ይወስደዋል። ችግሩ የሚመጣው በሦስተኛው ወር ነው። አሁን ሌሎች ጓደኞች አሉት፣ በክፍል ውስጥ ስሙ ይታወቃል፣ በሐለቃው ቁርኣን ያቀራል። ያ ዶርሜው ግን ባየው ቁጥር ያን ሌሊት ያስታውሰዋል። ገመናውን የያዘው ሰው መስታወት ሆነበት። ስለዚህ መጀመሪያ ዓይኑን፣ ከዚያ ወሬውን፣ በመጨረሻ ሰላምታውን ይሸሻል። የተሸሸው ልጅ ደግሞ «ምን አጥፍቼ ይሆን?» እያለ ሲገላበጥ ያድራል። ያደረገው ነገር ቢኖር ማዳመጥ ብቻ ነው።

አልትማንና ቴይለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ሊቃውንት በ1973 እ.ኤ.አ ባሳተሙት ሥራቸው የሰው ቅርበት ከላይኛው ንጣፍ ወደ ውስጠኛው ቀስ እያለ እንደሚዘልቅ አስረድተዋል። ንጣፉን ዘለን በአንድ ሌሊት እምብርቱ ጋ ስንደርስ ተመልሰን የምንቆምበት ቦታ አይኖረንም። በቴሌግራም የሚደረገው የኒካሕ ወሬም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ ሰውየው ገና አካሄዱና ቁጣው ሳይታወቅ የልጅነቱ ቁስል ይታወቃል።

ታዲያ ግልጽነት ክፉ ነው ልንል ነው? አይደለም። የምንለው ግልጽነት የሚባለው ነገር ሁለት መሆኑን ነው። አንዱ ያለፈን መንገር ነው፦ አስተዳደጌ፣ ሕመሜ፣ ፍርሃቴ። ሌላው አሁን በመካከላችን ያለውን መናገር ነው፦ «ትናንት በሰው ፊት የቀለድክብኝ ከፍቶኛል»፤ «ያበደርኩህን ብር ፈልጌዋለሁ»፤ «ለኒካሕ አስቤበት ነበር፣ ልቤ ግን አልሄደልኝም፣ በዚሁ ይብቃን»። የመጀመሪያው ከባድ ይመስላል እንጂ ጨለማና ስልክ ያቀሉታል። ሁለተኛው አንድ መስመር ነው፤ ከአፍ የማይወጣው ግን እሱ ነው። ሰው የሚጠፋው ያ አንድ መስመር አልወጣ ሲለው ነው። ሙሉ ታሪኩን የነገረህ ሰው «ደክሞኛል፣ ዛሬ ማውራት አልፈልግም» ማለት ካቃተው ትንሿን እምቢታ በትልቁ ዝምታ ይከፍላታል።

ለምን አይወጣም? ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ይሉኝታ። ይሉኝታን ለመስደብ አልተነሳንም፤ ሐያእ የኢማን ክፍል መሆኑን የምናምን ሰዎች ነን፤ ይሉኝታም በደህና ቀኑ ለሐያእ ቅርብ ነው። ግን አንድ ልብ ያላልነው ነገር አለ። አያቶቻችን ይሉኝታ ብቻ አልነበራቸውም፤ ይሉኝታውን የሚሸከም ሰውም ነበራቸው። ሽማግሌ ሲላክ የልጅቷ ቤተሰብ በመጀመሪያው ቀን እሺም እምቢም አይልም። «እንመካከርና ቀጠሮ እንሰጣችኋለን» ይባላል። በቀጠሮው ቀን እምቢታ ከሆነም «ልጃችን ገና ትምህርት ላይ ናት» ተብሎ ለስልሶ ይመጣል። ወርቁን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሰሙ ግን ማንንም አያዋርድም። ዋናው ነገር መልስ መምጣቱ ነው። ልጁም ቁርጡን ያውቃል፤ ቤተሰቡም ወደ ሌላ ያስባል። ልጅቷ ፊቱ ቆማ «አልፈልግህም» እንድትል ማንም አላስገደዳትም።

እኛ ይሉኝታውን ወርሰን ሽማግሌውን አስቀረነው። በስልኩ ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ መካከል ላይ ማንም የለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ወላጅም አልሰማም። እምቢ የሚለው ሰው ወይ ራሱ ይናገራል ወይ ይጠፋል። መናገር አልተማረም፤ ስለዚህ ይጠፋል። (በነገራችን ላይ «ኢንሻአላህ»ን የእምቢታ ስም ያደረግነውም እዚሁ ላይ ነው። «ነገ እንገናኝ?» «ኢንሻአላህ»። በአላህ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ቀጠሮ ሊሆን ሲገባው «አልመጣም» ማለት ሆኗል። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይገባዋል።)

እምቢታ እንዴት እንደሚነገር ለማወቅ ከበሪራ (ረ.ዐ) ታሪክ የተሻለ አናውቅም፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። በሪራ ባሪያ ነበረች፤ ነጻ ስትወጣ ባሪያ ከሆነው ባሏ ከሙጊስ ጋር የመቆየት ወይም የመለየት ምርጫ ተሰጣት፤ መለየትን መረጠች። ሙጊስ በመዲና መንገዶች እንባው ጺሙን እያራሰ ይከተላት ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አዘኑለትና ብትመለሺለት አሏት። እሷም ትእዛዝ ከሆነ እንድታውቅ ጠየቀች። ትእዛዝ ሳይሆን ምልጃ መሆኑን ነገሯት። እንግዲያው አልፈልገውም አለች። በዚያው አለቀ። ነቢዩም አልተቆጧትም። እዚህ ውስጥ ያለውን እናስተውል፦ መልእክተኛ አለ፣ ጥያቄ አለ፣ መልስ አለ። የሙጊስ ልብ ተሰብሯል፤ ግን ምን እንደሆነ ያውቃል። እምቢታ ያሳዝናል እንጂ አያሳብድም።

የሚያሳብደው አለማወቅ ነው። ይህን «የደካሞች ወሬ ነው፣ ብሎክ ተደርጎ የሞተ የለም» ለሚሉን ወንድሞች አንድ ነገር እንጥቀስ። በ2003 እ.ኤ.አ ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ሰዎችን ስካነር ውስጥ አስተኝቶ በስክሪን ላይ ኳስ የመቀባበል ጨዋታ አጫወታቸው። ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ ሌሎቹ ሁለት «ተጫዋቾች» ኳሱን ለእነሱ መስጠት አቆሙ። በዚህ ጊዜ በአንጎላቸው ውስጥ የነቃው አንዱ ክፍል አካል ሲታመም ከሚነቁት ክፍሎች አንዱ ሆኖ ተገኘ። ያውም ስማቸውን ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር፣ በማይረባ ጨዋታ። በዶርም አብሮህ ዓመት የከረመ ሰው ኳሱን ሲያቆምብህ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

የምንኖርባት ከተማም የምታስተምረን ነገር አላት። በሲዳማ ባህል አንድ ጉዳይ ሲነሳ ሰዎች ተቀምጠው የሚመክሩበት ሥርዓት «አፊኒ» ይባላል፤ «ሰማችሁ ወይ?» እንደ ማለት ነው። ሳይሰማና ሳይመከርበት አይወሰንም። ከሐዋሳ ልጆች ጋር የተማረ ሁሉ ቃሉን ሰምቶት ይሆናል። ሰውን ሳይናገሩ መዝጋት የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ክሱ ቀርቧል፣ ምስክሩ ተሰምቷል፣ ፍርዱ ተሰጥቷል፤ ተከሳሹ ግን ችሎት መኖሩንም አልሰማም። አላህም በሱረቱል ሑጁራት ከጥርጣሬ አብዛኛውን እንድንርቅ ያዘዘን አንዳንዱ ኃጢአት ስለሆነ ነው። የዘጋ ሰው ብዙ ጊዜ የዘጋው በጥርጣሬ ነው፤ «ስለ እኔ አውርታለች መሰለኝ» በሚል። መሰለኝን ማጣራት አምስት ደቂቃ ይፈጃል።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንምጣ። ከመካከላችን «ለአላህ ብዬ ነው የዘጋሁት» የሚል አለ። ይህ ሁለት መልክ አለው፤ ሁለቱን ለይተን ማየት ይኖርብናል።

አንደኛው የማይፈቀድ ግንኙነት ውስጥ የነበረና ተውበት ያደረገ ሰው ነው። ይህ ሰው ማቆሙ ግዴታው ነው፤ አላህ ያጽናው። «የመጨረሻ ጊዜ ተገናኝተን እንሰነባበት» የሚባለውንም አንመክርም፤ የመጨረሻው ስንብት ለሁለተኛው ዙር መጀመሪያ ሲሆን አይተናል። ግን በጠፉ መንገድና በተቋረጠ መንገድ መካከል አንድ መልእክት አለ፦ «ይህ ነገር ትክክል አልነበረም፣ ለአላህ ብዬ አቁሜያለሁ፣ አንቺን ጠልቼ አይደለም፣ ከዚህ በኋላ አልጽፍልሽም»። ቀን ላይ ይላካል፣ ከዚያ ይዘጋል። ለዚያች እህት ይህ መስመር ትልቅ ነገር ነው፤ ምናልባትም ለራሷ ተውበት ምክንያት ይሆናታል። ያለ ቃል ሲቀር ግን የሚተርፋት «ተጫወተብኝ» ብቻ ነው፤ ዲን የያዘ ሰው ሁሉ እንደዚያ ይመስላታል።

ሁለተኛው በአቋም ልዩነት የሚዘጋው ነው። የእገሌን ደርስ ስላዳመጠ፣ መውሊድ ስለሄደ ወይም ስላልሄደ ሰላምታ የተነፈገ ወንድም በየግቢው አለ። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች የከዕብ ኢብኑ ማሊክን (ረ.ዐ) ታሪክ ይጠቅሳሉ። እስቲ ታሪኩን በደንብ እንየው። በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ከተቡክ ዘመቻ የቀሩት ብዙዎች ነበሩ፤ ሌሎቹ ሰበብ እየደረደሩ ሲምሉ ከዕብና ሁለት ጓደኞቹ ምክንያት እንዳልነበራቸው እውነቱን ተናገሩ። ሰው ሁሉ እንዳያናግራቸው የታዘዘው ከዚያ በኋላ ነው፤ 50 ሌሊት ቆየ። ከዕብ የአጎቱን ልጅ የአቡ ቀታዳን የአትክልት አጥር ዘሎ ገብቶ ሰላም ቢለው እንኳ መልስ አላገኘም። ከባድ ነበር። ግን ከዕብ ለምን እንደተዘጋ ያውቃል። ማን እንዳዘዘ ያውቃል። ፍርዱ ከአላህ እንደሚመጣ ያውቃል። በ50ኛው ንጋት ተውበቱ መቀበሉ ሲነገር ጣልሐ ኢብኑ ዑበይዱላህ ተነስቶ እየሮጠ ተቀበለው፤ ከዕብም ይህን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልረሳለትም። የዘጉት ሰዎች በሩ የሚከፈትበትን ቀን እየጠበቁ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ምክንያቱን ያልነገርነውን፣ ማንም ያላዘዘብንን፣ መክፈቻ ቀን የሌለውን የራሳችንን ብስጭት በዚህ ታሪክ ስም አንጥራው።

የአገራችን ዑለማዎችም ለዓመታት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ አቅቷቸው እንደነበር እናስታውሳለን። ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም አዲስ አበባ ሸራተን ሆቴል ተሰብስበው በአንድነት ሲስማሙና ሙፍቲ ሐጅ ዑመር ኢድሪስን መሪያቸው ሲያደርጉ ብዙዎቻችን ገና ሁለተኛ ደረጃ ወይም ከዚያ በታች ነበርን። ከዚያ በኋላ ጭቅጭቅ አልጠፋም። ሆኖም ፊት ለፊት የሚነገር ጭቅጭቅ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ከቻሉ የአንድ ብሎክ ልጆች የማይችሉበት ምክንያት አይታየንም።

አንድ ነገር ሳናነሳ ብናልፍ በደል ይሆናል። ለሚያስፈራራ፣ «ፎቶሽን እለቀዋለሁ» ለሚል፣ እምቢ ተብሎ እየተከተለ ለሚያስጨንቅ ሰው ማብራሪያ የሚገባው ነገር የለም። እህቶቻችን፣ እንዲህ ያለውን ወዲያው ዝጉ፤ መልእክቶቹን ሳታጠፉ አስቀምጡ፤ ለምታምኗት እህትና ለግቢው የሥርዓተ ፆታ ቢሮ ንገሩ። ሙጊስ እንኳ የሚያለቅሰው በመንገድ ላይ፣ በሰው ፊት ነበር፤ በሪራን አላስፈራራትም።

መልእክተኛውን ወደ ቦታው እንመልሰው የምንለው ለዚህ ነው። እናታችን ዓኢሻና የእህታቸው ልጅ ዐብዱላህ ኢብኑ ዙበይር (ረ.ዐ) ተቀያይመው እናታችን ዳግም ላያናግሩት ተሳሉ። ብዙ ጊዜ ሲቆይ ኢብኑ ዙበይር አልቻለም፤ ሚስወርና ዐብዱረሕማን የሚባሉ ሁለት ሰዎችን ለመነ። እነሱም በኩታቸው ከልለው ይዘውት ሄዱና ከበር ሆነው «እንግባ?» አሉ። «ግቡ።» «ሁላችንም?» «ሁላችሁም።» ሦስተኛው ማን እንደሆነ አላወቁም። ገብቶ ከመጋረጃው ወዲያ አክስቱን አቅፎ እያለቀሰ ይለምናቸው ጀመር፤ ሁለቱም ከውጭ ሆነው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ሌሊት በላይ መዝጋትን መከልከላቸውን ያስታውሷቸው ነበር። በመጨረሻ አናገሩት፤ ለስለታቸውም 40 ባሪያ ነጻ አወጡ፤ ከዚያ በኋላም ባስታወሱት ቁጥር ሻሻቸው እስኪርስ ያለቅሱ ነበር። እነዚያ ሁለት ሰዎች ትንሽ ብልሃት ተጠቅመዋል፤ እኛ እንደሚመስለን የዛሬ ጓደኞችም «ምን አገባኝ» ከማለት ይልቅ እንዲህ ያለ ብልሃት ቢለምዱ ደግ ነው።

የተዘጋኸው ወንድም፣ የተዘጋሽው እህት ደግሞ ሁለት ነገር ያዙ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሦስቱ ቀን ካለፈ አግኝቶ ሰላም ማለትን አዘዋል፤ ቢመልስ በምንዳው ይጋራሉ፣ ባይመልስ ኃጢአቱ ከእሱ ጋር ይሄዳል፤ ሰላም ያለው ከመዝጋት ወጥቷል። ስለዚህ አንድ ጥሩ ሰላምታ ይበቃል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስር መልእክት መላክ፣ በሌላ አካውንት መግባት፣ ጓደኞቿን ማስቸገር አይጠበቅባችሁም፤ አይገባችሁምም። ሁለተኛው የሰማችሁት ምስጢር ነው። ሰው ሲናገር ግራ ቀኝ ካየ ንግግሩ አማና ነው፤ ጓደኝነቱ አለቀ ተብሎ አማናው አያልቅም። ምናልባት ያ ልጅ የሸሻችሁ ይህንኑ ፈርቶ ነው። ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል እንዳልወጣች ሲያይ ተመልሶ የሚመጣ አለ።

ሰኞና ሐሙስ የሚጾሙ ልጆቻችን ብዙ ናቸው፤ አላህ ይቀበላቸው። በእነዚህ ቀናት ሥራዎች እንደሚቀርቡና በአላህ ላይ ያላጋራ ሁሉ እንደሚማር፣ ቂም የተያያዙ ሁለት ሰዎች ግን እስኪታረቁ ድረስ እንዲቆዩ እንደሚባል ሙስሊም ዘግበዋል። በአንድ የኢፍጣር ማዕድ ጫፍና ጫፍ ላይ ተቀምጠው ተምር የሚቀባበሉ፣ ዓይን ለዓይን ግን የማይተያዩ ልጆች እንዳሉን እናውቃለን።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቅርብ። በየብሎኩ ሁለት ወንድሞች፣ በእህቶችም በኩል ሁለት እህቶች፣ ምስጢር የሚይዙ፣ የሰውን ቃል ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ የሚያደርሱ ይመረጡ። «እሱን ማናገር አልቻልኩም፣ ይህችን ብቻ ንገሩልኝ» የሚል ይምጣ። የኒካሕ ወሬ ያላቸውም እምቢታቸውን በእነሱ በኩል መላክ ይችሉ። የሚመቸው ጊዜ ሐሙስ ከኢፍጣር በኋላ ይመስለናል። የዘንድሮ ተመራቂዎች ደግሞ ይቅደሙ፤ ጋውን ለብሰው ፎቶ ከተነሱ በኋላ አንዱ ወደ ባሌ፣ አንዱ ወደ ደሴ ይሳፈራል፤ ስልክ ቁጥርም ይቀየራል።